ዓፄ ቴዎድሮስና የጣና ጀልባቸው

የወረታ ልጅ ነኝ። ናበጋ ላይ መጀመሪያ የደንገል ታንኳ ስቀዝፍ፥ ታንኳው ባለበት እየተሽከረከረ አስቸገረኝ፤ አፍሬም ሁለተኛ አልነካም አልሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ ታሪክ ነው።

በቋራ ያደጉት ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ነግሠው ዓፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። በእጅ ሥራ ከአውሮፓ ላለማነስ ተመኝተው፥ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ አሠሩ። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ በእንፋሎት ፈንታ በሰው ክንድ የሚዞር መንኰራኵር ያላቸው ጀልባዎች አሠርተው በጣና ላይ አስሞከሩ። መንኰራኵሩ ግን ከፍ ብሎ ስለ ተሠራ፥ ብዙ ሰው ካልተጫነ ውሃውን በደንብ አይነካም ነበር።

በ1860 ዓ.ም. እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው መቅደላ ላይ ዐረፉ። መርከባቸው አልሠመረም፤ መሞከራቸው ግን አልተረሳም። እኔም ታሪካቸውን ባነበብሁ ማግሥት ወደ ታንኳው ተመለስሁ።