ታላቁ ጋማ፦ ከጡንቻው ትዕግሥቱ የበረታ ስፖርተኛ

ዛሬ የምናስታውሰው ታላቁ ጋማ በሚል ስም የታወቀውን ሙስሊም የነፃ ትግል ስፖርተኛ ጉላም ሙሐመድን ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. በሕንድ ፑንጃብ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ቢሞትበትም ዘመዶቹ የአባቱን ሙያ አስተማሩት። በየዕለቱ ያለማቋረጥ ቁጭ ብድግ መሥራት ሰውነቱን ብቻ ሳይሆን መንፈሱንም አጠነከረው።

በ1910 ለንደን ሲገባ በቁመቱ ማጠር ተናቀ። መልሱን ግን በሜዳ ሰጠ፤ አሜሪካዊውን ሮለርን ጣለ። ፖላንዳዊው ዝቢሽኮ መሬት ላይ ተለጥፎ ከሁለት ሰዓት በላይ ቢያታክተውም ተስፋ አልቆረጠም። ግጥሚያው በአቻ ተጠናቀቀ፤ በድጋሚው ቀን ዝቢሽኮ ሳይመጣ ቀረ። ከ18 ዓመት በኋላ ግን ፓቲያላ ላይ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጣለው።

በ1947 ሕንድ ስትከፈል ላሆር በደም ታጠበች። ጋማ ያን ጊዜ ሂንዱ ጎረቤቶቹን ሊያጠቃ ከመጣ ሕዝብ ፊት ቆሞ እንዳዳናቸው ይነገራል። በ1960 እዚያው ላሆር አረፈ።

ልጆቻችንን ወደ ስፖርት ስንልክ የምንመኝላቸው ይህንን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን የብርቱ ሰው መለኪያም በቁጣ ጊዜ ራስን መግዛት ነው። አላህ ይዘንለት።