እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፦ በጆሮ ተምረው በቃል ያስተማሩ የቅኔ መምህር

በጎጃም የቅኔ ነገር ሲነሣ ከማይዘነጉት ሊቃውንት መካከል እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ይገኙበታል። እማሆይ ገላነሽ ዓይነ ሥውር ነበሩ። በዘመናቸው የአብነት ትምህርት ቤት ከሞላ ጎደል የወንዶች ነበር። እሳቸው ግን በጸላሎ ወንበር ዘርግተው ወንዶች ደቀ መዛሙርትን ቅኔ አስተምረዋል።

የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት ገና በልጅነታቸው ነው። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ትምህርቱን ያገኙት ከቤታቸው ሳይርቁ ነው። ኋላም ራሳቸው መምህር ሆነው ስማቸው በሊቃውንቱ ዘንድ ታወቀ።

ይህ እንዴት እንደተቻለ ለመረዳት የቅኔ ቤትን ሥርዓት ማየት ያስፈልጋል። ድጓ የሚማር ሰው በመጽሐፉ ላይ የተጻፈውን የዜማ ምልክት መከተል ይኖርበታል፤ የቅኔ ትምህርት ግን በአብዛኛው የሚሰጠው በቃል ነው። መምህሩ ግሱንና አገባቡን ይናገራል፤ ተማሪው ሰምቶ ያጠናል። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦም ያሰማል። መምህሩም የቤቱን ልክ፣ ሰሙንና ወርቁን በጆሮው መዝኖ የተሳሳተውን ያርማል። በዚህ ጉባኤ ማየት የተሳነው ተማሪ ከሌላው እኩል ይሰማል፣ እኩል ይመራመራል፣ እኩል ይመዘናል። በአብነት ትምህርት ቤቶች ዓይነ ሥውራን ሊቃውንት የወጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእማሆይ ገላነሽ ተሰጥኦና ትጋት የራሳቸው ነበር። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ከብራና ላይ ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ያ ተሰጥኦ ከደጅ በቀረ ነበር።

ዛሬ የመንግሥት አገልግሎት መረጃ በአመዛኙ በጽሑፍ በድረ ገጽ ይቀርባል። ማየት የተሳናቸው ዜጎች ይህን መረጃ የሚያገኙት ጽሑፉን ወደ ድምፅ በሚለውጥ የስክሪን አንባቢ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ በመካተቱ፣ በዚሁ ሥርዓት የተጻፈ አማርኛ አማርኛን በሚያነብ መሣሪያ ሊደመጥ ይችላል። በፎቶግራፍ ወይም በስካን የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ መግለጫ የሌለው ሥዕልና ስም ያልተሰጠው የቅጽ ሣጥን ግን ለዚህ አንባቢ ዝም ያሉ ናቸው። ማስታወቂያው የምዝገባ ቀን የያዘ እንደሆነ፣ ባለጉዳዩ ቀኑ ያልፍበታል፤ አለዚያም የግል ጉዳዩን ለሌላ ሰው አሳይቶ ለማስነበብ ይገደዳል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስምምነቱ መረጃን ለሁሉም ተደራሽ ማድረግን ግዴታ ያደርጋል። ስለዚህ ማየት የተሳናችሁ ባለጉዳዮች የምትፈልጉት መረጃ በስክሪን አንባቢ የማይነበብ ሆኖ ስታገኙት፣ በሚነበብ ጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ወይም በቃል እንዲነገራችሁ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ብትጠይቁ የጠየቃችሁት መብታችሁን ነው። መረጃ የሚያዘጋጁ ሠራተኞችም ማስታወቂያ ከማውጣታቸው በፊት ማየት የተሳነው ሰው በመሣሪያው እንዲፈትሸው ቢያደርጉ ጉድለቱን አስቀድመው ያርሙታል።

እማሆይ ገላነሽ በሕይወት ሳሉ ያስተማሩት ቅኔን ነው። የሕይወት ታሪካቸው ደግሞ ዕውቀት በጆሮም በኩል እንዲገባ መንገድ ሲከፈት አገር መምህር እንደምታገኝ ያስተምራል።