ሊዮ ፌንደር

ክላረንስ ሊዮኒዳስ (ሊዮ) ፌንደር (ነሐሴ 4 ቀን 1901 – መጋቢት 12 ቀን 1983 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነበር። በብዛት ተመርቶ በሰፊው የተሸጠውን የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ያቀረበው እሱ ነው። ራሱ ግን ጊታር መጫወት አልተማረም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት መጀመሪያ

ፌንደር በ1909 በካሊፎርኒያ፣ ከብርቱካን ገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ በዕጢ ምክንያት ግራ ዓይኑን አጣ። የተማረው የሒሳብ አያያዝ ሲሆን፣ ሬዲዮ መጠገንን የለመደው በራሱ ጥረት ነው። በኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን ሥራውን ካጣ በኋላ፣ በ1938 በተበደረው 600 ዶላር በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ሙዚቀኞች የድምፅ ማጉያቸውን ለጥገና ሲያመጡለት ችግራቸውን ከራሳቸው አፍ ይሰማ ነበር።

ቤዝ ጊታር

በዚያን ጊዜ የቤዝ ተጫዋች ቆሞ የሚጫወተው ደብል ቤዝ ለማጓጓዝ አስቸጋሪ ነበር፤ ድምፁም በኤሌክትሪክ ጊታርና በከበሮ ይዋጣል። በ1930ዎቹ በሲያትል ፖል ታትማርክ ኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ የነበረ ቢሆንም ገበያ አላገኘም። ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን አወጣ። የሚነዝረው የክር ርዝመት 34 ኢንች (86 ሳ.ሜ. ገደማ) ሲሆን፣ ይህ ልክ እስከ ዛሬ በአብዛኞቹ ቤዞች ይሠራበታል። ፕሪሲዥን የተባለው፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች (ፍሬት) ተጫዋቹ ድምፁን በትክክል እንዲያገኝ ስለሚረዱት ነው። በ1960 አንገቱ ቀጠን ያለው፣ ሁለት ድምፅ ተቀባይ (ፒክአፕ) ያለው ጃዝ ቤዝ ተከተለ።

አሠራሩና ዋጋ

የፌንደር አካሄድ የጥገና ባለሙያ አካሄድ ነበር። አካሉ ክፍት ሆድ የሌለው ወፍራም እንጨት ነው፤ አንገቱ በሙጫ ሳይሆን በብሎን ይታሰራል። ስለዚህ ክፍሎቹን ለየብቻ በማሽን ማምረት፣ የተበላሸውንም ነጥሎ መቀየር ተቻለ። ይህ የምርት ወጪን ቀነሰ። ተጫዋቹም አንገት፣ ፒክአፕ ወይም የክር መወጠሪያ እንደ ፍላጎቱ እንዲለውጥ በር ከፈተ። በአንድ ንድፍ ላይ ርካሹም በትእዛዝ የሚሠራውም ቤዝ ሊወጣ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ድርጅቱ ከፌንደር እጅ ከወጣ በኋላ፣ በ1982 በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡ መሣሪያዎችን ስኳየር በሚል ስም ማውጣት ጀመረ፤ በ1987 ደግሞ በትእዛዝ የሚሠራ ክፍል አቋቋመ።

ከሽያጩ በኋላ

ፌንደር ጤናው ስላሳሰበው በ1965 ድርጅቱን ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከስሙ ጋር አብሮ የንድፎቹ ባለቤትነትም ተሸጠ። በኋላ ግን አገግሞ በ1975 የሚዩዚክ ማን ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1976 የወጣው ስቲንግሬይ ቤዝ በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማስተካከያ ነበረው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከቀድሞ ባልደረባው ጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የተባለውን ድርጅት መሠረተ። በዚህም የራሱ ስም ከሚታተምባቸው ጊታሮች ጋር በአንድ ገበያ ተፎካካሪ ሆነ።

ፌንደር በፓርኪንሰን በሽታ ሲሠቃይ ቆይቶ በ1991 በፉለርተን አረፈ። በተከታዩ ዓመት ስሙ በሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ሰፈረ።