ጎርደን ኦልፖርት

ጎርደን ዊላርድ ኦልፖርት (ኅዳር 3 ቀን 1890 – መስከረም 28 ቀን 1960 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበረ። የሰው ስብዕና ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ እንዲሆን ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ሲሆን፣ ስለ ጭፍን ጥላቻ በጻፈው መጽሐፍም ይታወቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕይወቱ

በኢንዲያና ግዛት በሞንቴዙማ ከተማ ከአራት ወንድማማቾች የመጨረሻው ሆኖ ተወለደ። እናቱ ቀድሞ አስተማሪ ነበረች፤ አባቱ ሐኪም ነበረ። ቤተሰቡ በኦሃዮ ግዛት ወደ ክሊቭላንድ ከሄደ በኋላ አባቱ ሕሙማንን የሚያክመው እዚያው በመኖሪያ ቤቱ ስለነበረ ልጆቹ ጠርሙስ በማጠብና ታማሚ በመቀበል ያግዙት ነበር። በ1915 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ታላቅ ወንድሙ ፍሎይድ ኦልፖርትም በዚያ የተማረ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው።

በ1919 ከተመረቀ በኋላ በኢስታንቡል ሮበርት ኮሌጅ አንድ ዓመት አስተማረ። ወደ አገሩ ሲመለስ በቪየና ሲግመንድ ፍሮይድን ሄዶ አነጋገረው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 22 ነበር። ፍሮይድ ዝም ብሎ ስለጠበቀው ጨዋታ ለመጀመር ያህል፣ በመንገድ ላይ በትራም ውስጥ ስላየው ቆሻሻ እጅግ ስለሚፈራ ትንሽ ልጅ አወራለት። ፍሮይድም ያ ልጅ አንተው ነህ ወይ ሲል ጠየቀው። ኦልፖርት ይህን ነገር ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። የተደበቀ ምክንያት ፍለጋ በጥልቀት ከመቆፈር በፊት ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ይገባል የሚለው አቋሙ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

በ1922 ስለ ስብዕና ባሕርያት ባቀረበው ጥናት ዶክትሬቱን ከሃርቫርድ አገኘ። በጀርመንና በእንግሊዝ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ በ1924 እዚያው ሃርቫርድ ስለ ስብዕና ማስተማር ጀመረ። ትምህርቱ በአሜሪካ በዘርፉ ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዳርትመዝ ኮሌጅ ጥቂት ዓመታት አስተምሮ በ1930 ወደ ሃርቫርድ ተመለሰና እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀም። በ1939 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረ። ከናዚ የሸሹ ምሁራን ሥራ እንዲያገኙም ረድቷል።

የቃላቱ ቆጠራ

በ1936 ከሄንሪ ኦድበርት ጋር ያወጣው ጥናት ሲያዩት ደረቅ ነው። ሁለቱ የዌብስተርን ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ፈትሸው አንድን ሰው ከሌላው ሊለዩ የሚችሉ ቃላትን ሁሉ ለቀሙ፤ 17,953 ሆኑ። መነሻው፣ ሰዎች በኑሯቸው ደጋግመው የሚያስተውሉት የባሕርይ ልዩነት ውሎ አድሮ በቋንቋቸው ስም ያገኛል የሚል ነው። ቃላቱን በአራት ከፈሏቸው። ጸንቶ የሚቆይ ባሕርይን የሚገልጹት (እንደ ተግባቢ ያሉት) 4,504፣ አላፊ ስሜትን የሚገልጹት 4,541፣ ፍርድ የሚሰጡት (እንደ የማይረባ ያሉት) 5,226፣ ከእነዚህ የማይገቡት ደግሞ 3,682 ነበሩ። እንግዲህ ከሁሉ የበዙት ሰው ሰውን የሚያመሰግንባቸውና የሚነቅፍባቸው ቃላት ናቸው። ኦልፖርት ግን የስብዕና ጥናት መሠረት አድርጎ የወሰደው የመጀመሪያዎቹን ነው።

ሬይመንድ ካቴል በ1940ዎቹ ከዚሁ ዝርዝር ተነስቶ በኋላ 16 መሠረታዊ ባሕርያት ላይ ደረሰ፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ወደ አምስት አወረዱት። የዛሬዎቹ የአምስቱ ባሕርያት መጠይቆች ሥር ከዚህ ቆጠራ ይመዘዛል።

ቆጠራው ግን የእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ይሉኝታ የሚለውን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል መመለስ ያስቸግራል፤ በአዘና፣ በእንጅባራና በዳንግላ የሚነገረው አዊኛም የራሱ ቃላት አሉት። ስለዚህ ዘዴው በሌላ ቋንቋ በትክክል የሚሠራው የተዘጋጀውን ዝርዝር በመተርጎም ሳይሆን፣ በደችና በጀርመንኛ እንደተደረገው ከየቋንቋው መዝገበ ቃላት እንደ አዲስ በመልቀም ነው።

ጠባይና ስብዕና

ኦልፖርት ገና በ1921 ባሳተመው ጽሑፍ ጠባይን ከስብዕና ለይቷል። ጠባይ ማለት ስብዕና በመልካምና በክፉ ሚዛን ሲመዘን የሚሰጠው ስም ስለሆነ የሥነ ምግባር እንጂ የሥነ ልቦና ጉዳይ አይደለም ባይ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ልዩነቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጠባይ የለውም የተባለ ሰው ተፈረደበት እንጂ ባሕርዩ አልተገለጸም። ይህ መለያየት ጥናቱን ከስብከት አላቅቆታል። በአንጻሩ ደግነትና ታማኝነት ለብዙ ዓመታት ከስብዕና ጥናት ዳር ቆመው ቀሩ፤ ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይገባዋል።

ባሕርይን በቁጥር ብቻ ማየትንም አልወደደም። በ1965 አንዲት እናት የጻፈቻቸውን 301 ደብዳቤዎች መሠረት በማድረግ የአንድን ሰው ስብዕና ብቻ የሚመረምር መጽሐፍ አሳትሟል።

ጭፍን ጥላቻ

በ1954 የታተመው ስለ ጭፍን ጥላቻ የጻፈው መጽሐፍ ከሁሉ ይበልጥ ተነቧል። ጥላቻ በክፉ ወሬ ጀምሮ በመራቅ፣ መብት በመንፈግና በድብደባ አልፎ እስከ ጅምላ ግድያ የሚደርስ መሰላል እንዳለው አሳይቷል። የተለያዩ ወገኖች መገናኘታቸው ብቻ እንደማይበቃም አስረድቷል። መቀራረብ ጥላቻን የሚቀንሰው በእኩልነት ሲገናኙ፣ ለጋራ ዓላማ ሲተባበሩና ሕግ ወይም ባለሥልጣን ሲደግፋቸው ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪዎችን በዘር ለይቶ ማስተማርን ከልክሏል።

ከሞቱ በኋላ

ኦልፖርት በሳንባ ካንሰር በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ ሞተ። በ2004 ክሪስቶፈር ፒተርሰንና ማርቲን ሴሊግማን ስለ ጠባይ ጥንካሬዎች ባሳተሙት መጽሐፍ እሱ ወደ ጎን ያደረገውን ቃል መልሰው አነሱት። 24 ጥንካሬዎችን በስድስት ምግባሮች ሥር መደቡ፤ ከእነዚህም ደግነት፣ ጀግንነት፣ ፍትሐዊነት፣ ትሕትናና አመስጋኝነት ይገኙባቸዋል።