ሮበርት ቡንሰንና በዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገኘው አርሰኒክ

የኬሚስትሪ ትምህርት በጀመረ ሰው ሁሉ ዘንድ የሮበርት ቡንሰን ስም ከጋዝ ማንደጃው ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ማንደጃው ከቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ስለማይጠፋ ስሙ እንዳይረሳ ረድቶታል፤ ዳሩ ግን የሰውየውን ታላቅነት የሚያስረዳው ዋናው ሥራው እርሱ አይደለም። ቡንሰን በወጣትነቱ አርሰኒክ ከካርቦን ጋር የተያያዘባቸውን ውሁዶች ሲመረምር ሕይወቱን ሊያጣ ደርሶ ነበር፤ በጎልማሳነቱ ደግሞ ንጥረ ነገሮች በነበልባል ውስጥ በሚሰጡት ብርሃን የሚለዩበትን ዘዴ ከባልደረባው ጋር አስገኘ። ዛሬ በዓሣ ዘይት ውስጥ ያለውን አርሰኒክ የሚለካ ባለሙያ የሁለቱም ሥራዎች ወራሽ ነው፤ አንደኛውን ትቶ በሌላው ብቻ የሄደ እንደ ሆነ ግን ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሊሳሳት ይችላል። የዚህን ሊቅ ሕይወት ለማኅበራችን አባላት ማውሳት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሮበርት ዊልሄልም ቡንሰን በማርች ወር 1811 በጀርመን አገር በጎቲንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ በከተማው ዩኒቨርሲቲ በቤተ መጻሕፍትና በዘመናዊ ቋንቋዎች መምህርነት ያገለግል ነበር፤ ሮበርትም ከአራት ወንዶች ልጆች የመጨረሻው ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪን የተማረው ካድሚየምን ካገኘው ከፍሪድሪክ ሽትሮማየር ዘንድ ሲሆን፣ በ1831 ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያም ወደ ፓሪስ፣ ወደ ቪየናና ወደ ሌሎች ከተሞች ተጉዞ የዘመኑን ታላላቅ ኬሚስቶች ተዋወቀ፤ ፋብሪካዎችንና የማዕድን ሥፍራዎችንም ጎበኘ። ዕውቀትን ከእጅ ሥራ ለይቶ የማያይ ሰው ያደረገው ይህ ጉዞ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያ ዘመን ነጭ አርሰኒክ በአውሮፓ እጅግ የሚያስፈራ መርዝ ነበር። ቀለምና ሽታ ስለሌለው በስሕተትም ሆነ በተንኮል ከምግብ ጋር ይቀላቀል ነበር። ቡንሰን ከሐኪሙ ከአርኖልድ በርቶልድ ጋር ሆኖ በ1834 ያወጣው ጥናት የዚህን መርዝ ማርከሻ የሚመለከት ነበር። አዲስ የተዘጋጀ፣ ውኃ ያዘለ የብረት ኦክሳይድ አርሰኒኩን በላዩ ላይ አጣብቆ በቀላሉ የማይሟሟ እንደሚያደርገውና ወደ ደም እንዳይዘልቅ እንደሚያግደው አሳዩ። ዛሬ ከመጠጥ ውኃ አርሰኒክን ለማስወገድ በብረት ኦክሳይድ የሚሠሩት ማጣሪያዎች የሚያገለግሉት በዚሁ ጠባይ ነው። በአገራችን በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ የአርሰኒክ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካወጣው በሊትር 10 ማይክሮግራም ልክ በላይ ሆኖ በመገኘቱ፣ ይህ የ1834 ዓ.ም. ጥናት ለእኛም ባዕድ አይደለም።

በ1836 ቡንሰን በካሰል ከተማ በነበረው የቴክኒክ ትምህርት ቤት በፍሪድሪክ ቮለር ቦታ ተተክቶ ማስተማር ጀመረ። በዚያም ብዙዎች የሚሸሹትን ሥራ አነሣ። ካዴ የተባለ ፈረንሳዊ በ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ነጭ አርሰኒክን ከፖታሲየም አሲቴት ጋር አሙቆ አንድ የሚጤስና እጅግ የሚከረፋ ቅባት መሰል ፈሳሽ አግኝቶ ነበር። ፈሳሹ አየር ሲነካው በራሱ የሚቀጣጠል፣ እንፋሎቱም የሚመርዝ በመሆኑ ምንነቱ ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ቆየ። ቡንሰን ይህን ፈሳሽና ከእርሱ የሚገኙትን ውሁዶች ለስድስት ዓመት ያህል መረመረ። ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ቱቦ ያለው ጭምብል ለብሶ ይሠራ ነበር።

ጥንቃቄው ግን ፈጽሞ አላዳነውም። ካኮዲል ሲያናይድ የተባለውን ውሁድ ሲመረምር ዕቃው ፈንድቶ ጭምብሉን ሰባበረው፤ የመስተዋቱም ስባሪ ቀኝ ዓይኑን አጠፋው። በመርዙም ምክንያት ለብዙ ቀናት በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ ሰነበተ። ካገገመ በኋላ ወደዚያው ሥራ ተመልሶ እስኪፈጽመው ድረስ አልተወውም።

የድካሙ ፍሬ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ አንድ የአርሰኒክ አቶምና ሁለት የሜቲል ክፍሎች እንደ አንድ አካል ሆነው ከአንዱ ውሁድ ወደ ሌላው ሳይፈርሱ እንደሚዛወሩ ማሳየቱ ነው። ስዊድናዊው በርዜሊየስ ለዚህ ክፍል ካኮዲል የሚል ስም ያወጣለት ሲሆን፣ ትርጓሜውም ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ ክርፋትን የሚያመለክት ነው። በኋላ በማርቡርግ የቡንሰን ተማሪ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ፍራንክላንድ ስለ አቶሞች የመያያዝ ኃይል ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ዓይነቱ ጥናት የተወለደ ነው። ሁለተኛው ፍሬ ከዚያ ይበልጥ የሚያስገርም ነበር። ካኮዲሊክ አሲድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሆነው አርሰኒክ ሆኖ ሳለ፣ ቡንሰን በእንስሳት ላይ ሲሞክረው እንደ ነጭ አርሰኒክ የሚገድል ሆኖ አላገኘውም። ዛሬ ካኮዲሊክ አሲድ ፈጽሞ ጉዳት የሌለው እንዳልሆነ የታወቀ ቢሆንም፣ የመርዙ ብርታት ከነጩ አርሰኒክ እጅግ ያነሰ ነው። የአርሰኒኩ መርዛማነት በመጠኑ ብቻ ሳይሆን ከማን ጋር በተያያዘበት ሁኔታም እንደሚወሰን የሚያስረዳ ግልጽ ማስረጃ በዚያን ጊዜ ተገኘ።

ቡንሰን ከካሰል በኋላ በማርቡርግና በብሬስላው አስተምሮ በ1852 ወደ ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በእነዚህ ዓመታት ውድ በሆነው ፕላቲነም ፈንታ ካርቦን የገባበት የኤሌክትሪክ ባትሪ ሠራ፤ ከብረት ማቅለጫ ምድጃ ሳይሠራበት የሚባክነውን ጋዝ ለካ፤ በ1846 አይስላንድ ሄዶ የፍል ውኃዎችን ጠባይ አጠና። ከዩኒቨርሲቲው የመሣሪያ ሠሪ ከፔተር ዴሳጋ ጋር ያዘጋጀው ማንደጃም ለአዲሱ የሃይደልበርግ ቤተ ሙከራ የታሰበ ነበር። በዚህ ሥራው የባለቤትነት መብት አውጥቶ ገንዘብ ለመሰብሰብ አልፈለገም።

ማንደጃው ራሱ ቀለም የሌለው ነበልባል ስለሚሰጥ ሌላ ጥቅም አስገኘ። ቡንሰንና የፊዚክስ ሊቁ ጉስታቭ ኪርክሆፍ በ1859 እና በ1860 በነበልባሉ ውስጥ የገባ ንጥረ ነገር የሚሰጠውን ብርሃን በፕሪዝም ከፍለው በመመልከት፣ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ የሆነ የማይለወጥ መስመር እንዳለው አረጋገጡ። ዘዴው ከአንድ ሚሊግራም ሦስት ሚሊዮንኛ እጅ ያነሰ ሶዲየም እንኳ መኖሩን የሚያስታውቅ ነበር። በዱርክሃይም ከተማ የሚገኘውን የማዕድን ውኃ ሲመረምሩ ያልታወቁ ሰማያዊ መስመሮች ስላዩ፣ ቡንሰን ከ40 ሺህ ሊትር በላይ ውኃ አስተንኖ ከ10 ግራም ያነሰ የሲዚየም ጨው አወጣ። በ1861 ደግሞ ሩቢዲየም ተገኘ።

እዚህ ላይ በሁለቱ የቡንሰን ሥራዎች መካከል ያለውን ልዩነት ልብ ማለት ይገባል። ነበልባል ውሁድን አፍርሶ ወደ አቶም ይመልሰዋል። ስለዚህ ንጥረ ነገሩ መኖሩንና ምን ያህል መሆኑን ይነግረናል እንጂ፣ አስቀድሞ በምን ዓይነት ውሁድ ውስጥ እንደ ነበረ አይነግረንም። በካሰል የተገኘው ዕውቀት ዓይነትን፣ በሃይደልበርግ የተገኘው ዘዴ መጠንን የሚመለከት ነው።

ቡንሰን ትዳር ሳይዝ ዕድሜውን ለቤተ ሙከራውና ለተማሪዎቹ ሰጠ። መስተዋት በእጁ እየነፋ ዕቃ የሚሠራ፣ በክርክር ከማሸነፍ ይልቅ በልኬት ማስረዳትን የሚመርጥ ሰው ነበር። በ1874 ብዙ የደከመበት የስፔክትሮስኮፕ ጽሑፍ በእሳት ተቃጥሎበት እንደገና ከመጀመሪያው ሠርቶ በተከታዩ ዓመት አሳተመው። በ1889 በ78 ዓመቱ ከማስተማር ተሰናበተ፤ ኦገስት 16 ቀን 1899 በሃይደልበርግ ዐረፈ።

ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ ካኮዲል ባልተጠበቀ ሥፍራ ተገኘ። ኖርዌያዊው ጉልብራንድ ሉንዴ በ1960ዎቹ ዓመታት በባሕር ዓሣ ዘይት ውስጥ ከዘይቱ ጋር የተዋሐደ አርሰኒክ እንዳለ አሳየ። በ1977 በአውስትራሊያ ኤድመንድስና ፍራንቼስኮኒ ከባልደረቦቻቸው ጋር ከባሕር ሎብስተር አርሰኖቤታይን የተባለውን ውሁድ ለዩ፤ ይህም በባሕር ዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚበዛው የአርሰኒክ ዓይነት ሲሆን ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ እንደ ሆነ ታውቋል። በ2008 ደግሞ ከኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት አርሰኒክ ያለባቸው የስብ አሲዶች፣ ከካፕሊን ዓሣ ዘይት ደግሞ አርሰኒክ ያለባቸው ሃይድሮካርቦኖች ተለዩ። በእነዚህ ረጃጅም ሞለኪውሎች ጫፍ ላይ የሚገኘው አርሰኒክ ሁለት የሜቲል ክፍሎችን የያዘ ነው፤ ይኸውም ቡንሰን ዓይኑን ያጣበት ክፍል ነው።

ያልተጣራ የባሕር ዓሣ ዘይት በኪሎግራም ብዙ ሚሊግራም አርሰኒክ ሊይዝ ይችላል። ይህን ቁጥር ለመጠጥ ውኃ ከተወሰነው ልክ ጋር ያነጻጸረ ሰው ዘይቱን መርዝ ነው ሊል ይችላል። የባሕር አርሰኒክ ሁሉ አይጎዳም ብሎ የሚያልፈውም እንዲሁ ይሳሳታል፤ በ2014 የወጣ ጥናት አርሰኒክ ያለባቸው ሃይድሮካርቦኖች በቤተ ሙከራ ባደጉ የሰው ሕዋሳት ላይ ከአርሰናይት ጋር የሚቀራረብ ጉዳት ማድረሳቸውን አሳይቷልና። ስለዚህ ውሁዶቹ አስቀድመው በክሮማቶግራፊ ይለያያሉ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው ወደ ፕላዝማ ገብተው በማስ ስፔክትሮሜትር ይለካሉ። መጀመሪያ ዓይነት፣ ቀጥሎ መጠን ማለት ነው። አርሰኒክን ወደ አርሲን ጋዝ ለውጦ በሚለካው ዘዴ የሚሠራ ባለሙያም ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ አርሰኖቤታይን ይህን ጋዝ ስለማይሰጥ፣ ናሙናው በብርቱ አሲድና ሙቀት ፈጽሞ ካልፈረሰ አርሰኒኩ እያለ የለም ሊባል ይችላል።

ጉዳዩ የሩቅ ባሕር ወሬ ብቻ አይደለም። የዓሣ ዘይት በአዲስ አበባም ሆነ በከሚሴ ለልጆች ይሰጣል፤ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑም የምናምነው በምስክር ወረቀቱ ላይ በሰፈረው ቁጥር ነው። ትምህርቱ ከዘይትም ያልፋል። የቦርከና ወንዝ የኮምቦልቻን የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብሎ ከሚሴ አጠገብ ወዳለው ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል። በድርቅ ወራት የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩትና የሚያጠጡት በጨፋ ነው። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ክሮሚየም ባለሦስት ሲሆን ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ባለስድስቱ ግን ካንሰር የሚያመጣ ነው። ከጨፋ በተቀዳ ውኃ ውስጥ ጠቅላላ ክሮሚየም ይህን ያህል ነው ብሎ የሚያበቃ ዘገባ፣ ለአርብቶ አደሩ ውኃው ይጠጣ ወይም አይጠጣ የሚለውን አይመልስለትም።

ከቡንሰን ሕይወት ለሙያችን የሚተርፈው ትምህርት ይኸው ነው። የመርማሪ ግዴታ የሚፈጸመው መሣሪያው ቁጥር ባወጣ ጊዜ ሳይሆን፣ ቁጥሩ የየትኛው ውሁድ እንደ ሆነ በተረጋገጠ ጊዜ ነው። በየቤተ ሙከራችን የምንፈርምባቸው ወረቀቶች መጠንን ብቻ የሚናገሩ ከሆኑ፣ ዓይነቱ አለመለየቱን በዚያው ወረቀት ላይ በግልጽ ማስፈር ከሐቀኝነት የሚቈጠር ዝቅተኛው ግዴታችን ነው።