ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ ከመቅደላ የጠፋው ሕፃን



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ቀብር ሥርዓት እንጽፋለን። ሬሳው አፈር ከለበሰ፣ ድንኳኑም ከተነቀለ በኋላ የቀረው ሰው እንዴት ይኑር የሚለውን ግን እምብዛም አናነሳውም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው እዚሁ ጫግኒ፣ ራንች በተባለው መጠለያ ያረፉትን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። ሁሉን አጥቶ ከዜሮ መጀመር ለእኛ ከተማ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ዘንድሮ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ልናወጋችሁ ወደድን።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው እሸቴ ይባላሉ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሰዉ፣ በዚያ ትርምስ መካከል የሦስት ዓመት ገደማው ሕፃን ከወላጆቹ ተለየ። ያገኙት የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ይዘውት ሄዱ። ቻርልስ ቼምበርሌን የሚባል ኮሎኔል አሳደገው፤ እሱ ሲሞት ደግሞ ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ከሁለቱ ስም ተውጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። አገሩን፣ ቋንቋውን፣ የእናት የአባቱን ስም፣ የራሱን ስም እንኳ ሳይቀር አጣ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ በተማረበት አልቦዘነም። በ1874 ዓ.ም. ላሆር ከሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ። ከዚያ ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን አዳበረ፤ በበርማም በሐኪምነት አገለገለ። ደመወዝ አለው፣ ክብር አለው። እዚያው ቢቀር ማን ይወቅሰው ነበር?

የ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ወሬ ግን ልባቸውን አነሳሳው። በዘይላ በኩል አድርገው አዲስ አበባ ገቡና ሕሙማንን ያክሙ ጀመር። አማርኛ አያውቁም፤ በአስተርጓሚ ነበር የሚነጋገሩት። ከመቅደላ የተወሰደ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጥቷል የሚለው ወሬ ሲዛመት ሴት አያታቸው ሰሙ። መጥተው በገላቸው ላይ የነበረውን የልጅነት ጠባሳ አይተው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ከ30 ዓመት በኋላ ወርቅነህ የሚለው ስማቸው የተመለሰላቸው እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልን። ስማቸው ቢመለስም የጠፋው ልጅነት አልተመለሰም። በርማ ሥራ ስለነበራቸው ተመልሰው ሄዱ፤ ደግመው መጡ። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ልጆች አፈሩ፤ ኋላም ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። ባዕድ አገር ያገኙትን ዕውቀትም አልጣሉትም፤ ለወገናቸው አዋሉት እንጂ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ ሆኑ። አማርኛ ሳያውቁ የመጡት ሰው በ1920 ዓ.ም. የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤትም ደከሙ፤ ከወላጅ የተነጠለ ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው ከእሳቸው የበለጠ ማን ያውቃል? በዚያው በ1920 ዓ.ም. ከጣና በሚወጣው ዓባይ ላይ ስለሚሠራ ግድብ እንዲነጋገሩ ወደ አሜሪካ ተላኩ። ያ ግድብ በዚያ ዘመን ሳይሠራ ቀረ። ኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን አለሙ።

መከራው ግን በዚህ አላበቃም። ጣሊያን ሲወር በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ፤ በዕድሜያቸውም ከ70 አልፈው ነበር። እዚያው በስደት ሳሉ፣ የካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ ሁለት ልጆቻቸው፣ ቤንጃሚንና ዮሴፍ፣ ተገደሉ። በሕፃንነቱ ከወላጆቹ የተነጠለ ሰው በእርጅናው ልጆቹን ሳይቀብር ቀረ። ሐዘን በሰው አገር! እንደኛ ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል እድር እዚያ ከየት ይመጣል? እንዲያም ሆኖ አገር ነፃ ስትወጣ ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በ88 ዓመታቸው ገደማ፣ አገራቸው ላይ ዐረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ እኛ የምንይዘው ይህን ነው። ኑሮን እንደገና ማቆም የጠፋውን መልሶ ማግኘት አይደለም፤ የጠፋው ጠፍቷል። በእጅ በቀረው መሥራት ነው። ደግሞም ሰው ብቻውን አይቆምም። ወርቅነህ ጎበዝ ሐኪም ቢሆኑም የእኛ ልጅ ነህ የሚል ሰው ያስፈልጋቸው ነበር፤ አያታቸው ደረሱላቸው። ከመካከላችን ባል የሞተባት፣ ልጅ የተቀበረበት፣ ቤት ጥሎ የመጣ አለ። ሦስት ቀን አብረን ተቀምጠን ዕቃውን መልሰን ግምጃ ቤት ስናስገባ የእድሩ ሥራ ያለቀ አይምሰለን። በወሩም፣ በዓመቱም በሩን አንኳኩተን እንደምን ሰነበትክ እንበለው። ይህ መዋጮ አይጠይቅም።

ሐኪም ወርቅነህን ነፍስ ይማር። ለእኛም ዕድሜና ጤና ይስጠን።