ቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር፣ የሕሙማን ወዳጅ

ቅዱስ ዮሐንስ ዘእግዚአብሔር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1495 ዓ.ም. በፖርቱጋል ተወለደ። በልጅነቱ ወደ ስፔን ተሻግሮ እረኛም ወታደርም ሆኖ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ፣ ዕድሜው ከአርባ ሲያልፍ በግራናዳ ከተማ መጻሕፍት ይሸጥ ጀመር።

በዚያም በቅዱስ ሰባስቲያኖስ በዓል የታላቁን ሰባኪ የዮሐንስ ዘአቪላን ስብከት ሰምቶ ልቡ ተሰበረ። እየጮኸ ወደ አደባባይ ወጣ፤ ያለውንም ሁሉ በተነ። ሰዎቹም አብዷል ብለው ወደ ንጉሣዊው ሆስፒታል ወሰዱት። ነገሩ ጥልቅ ንስሓ ይሁን ወይስ እውነተኛ የአእምሮ ሕመም፣ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። የተሰጠው ሕክምና ግን የታወቀ ነው። ሕመሙ ትናንት ለጀመረውም ለቆየበትም መድኃኒቱ እስራትና ጅራፍ ነበር። ዮሐንስ ከጎኑ ያሉት ሲገረፉ አየ፤ የራሱን ሆስፒታል የማቋቋም አሳብም ያደረበት በዚያ ነው።

ከተለቀቀ በኋላ፣ በ1539 ገደማ፣ ቤት ተከራይቶ ድኩማንን ሰበሰበ። ማታ ማታ ቅርጫት አንግቶ ይለምንላቸው ነበር። ለአንድ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ በቤቱ ሽባዎች፣ ለምጻሞች፣ ዲዳዎች፣ የአእምሮ ሕሙማን፣ አረጋውያንና ብዙ ሕፃናት እንዳሉ፣ ከአገልጋዮችና ከእንግዶች ጋርም ከ110 እንደሚበልጡ ገልጿል። ሁሉንም ግን በአንድ ዓይነት አልያዘም። ሕሙማኑን እንደ ደዌያቸው ለየ፤ በዝሙት ሥራ ለወደቁ ሴቶች ደግሞ ትዳር እንዲይዙ የጥሎሽ ገንዘብ ለመነላቸው።

ይህ ለእኛ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ምእመናን ሩቅ ነገር አይደለም። ድምፅ ይሰማኛል የሚል ተማሪ፣ በወለደች በሳምንቷ አሳብዋ የታወከባት እናት፣ ጫት አብዝቶ ጎረቤቱን ሁሉ የሚጠረጥር ጎልማሳ፣ ሦስቱም በሰፈር አፍ እብድ ይባላሉ። የሚያስፈልጋቸው ግን ይለያያል። ተማሪው ከመድኃኒቱ ጋር ወደ ትምህርቱ የሚመለስበትን መንገድ ይሻል። የእናቲቱ ሕመም አንድ ቀን እንኳ የማይቆይ አጣዳፊ ነው፤ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን መተው የለባትም። ጎልማሳው ጫቱን ካልተወ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃውም። ጸሎትና ጠበል ሳይቀሩ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሳይዘገዩ መሄድ ይገባቸዋል። ወሬውን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ካቴኪስቱ ነውና፣ ሰንሰለት ከመፈለጉ በፊት ለቤተሰቡ ይህን ሊነግር ይችላል።

በ1549 ንጉሣዊው ሆስፒታል በእሳት ተያያዘ። ዮሐንስ አንድ ጊዜ ወደ ተገረፈበት ቤት ገብቶ ሕሙማኑን አወጣ። በዓመቱ፣ ማርች 8 ቀን 1550፣ እንደ ተንበረከከ ዐረፈ። በ1690 ቅድስናው ታወጀ።